እጅ ሲነሳ

«እዚያ እስክንደርስ ለአባባ ምንም እንዳትነግሪያቸው» አለ ሺንጎ ሚስቱን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለደም ግፊት ምርመራ ነው እንላቸዋለን። አንዴ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ከደረሱ ምን ይላሉ? ሰው ፊት አይጮኹ። ይፈርማሉ፣ መንጃ ፈቃዳቸውን ያስረክባሉ፣ አለቀ።»

እህቱ ቺዙሩ ይህን የሰማችው ደረጃው ላይ ቆማ ነው። አንድ እግሯ ካልሲ አጥልቋል፣ ሁለተኛው ካልሲ ገና እጇ ላይ ነው። ከቆመችበት በግራ በኩል ወጥ ቤቱ ይታያል፤ ወንድሟና ሚስቱ ናሆ ምድጃው አጠገብ ተጠጋግተው ቆመዋል። በቀኝ በኩል ደግሞ የአባቷ ክፍል ነው። መካከላቸው ያለው ተንሸራታች በር ወረቀት ነው፤ ያንን ቤት የሠራው ሰው እዚህ ውስጥ ምስጢር ይወራል ብሎ አላሰበም። አባቷ ኢዋኦ የእሁድ ጋዜጣ ምንጣፉ ላይ ዘርግተው የእግራቸውን ጥፍር እየቆረጡ ነበር። መቁረጫው ቀጭ ቀጭ ማለቱን አቆመ። ቀና ሲሉ ከልጃቸው ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ቺዙሩ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ምን ትበል? «አባባ፣ ሰሙ እንዴ?» አይባል ነገር፤ መስማታቸው ፊታቸው ላይ አለ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ትንሿን ጣት ያዙና ቀጭ አደረጉ። እሷም ሁለተኛውን ካልሲ ልታጠልቅ ወደ ላይ ተመለሰች። መቼም ካልሲ ለማጥለቅ ፎቅ መውጣት አያስፈልግም።

ቁርስ ላይ የተወራው ስለ ሩዝ ዋጋ ነው። አምስት ኪሎው አራት ሺህ የን አልፏል አለች ናሆ፤ የሰፈሯ ሴቶች ርካሹን ሊገዙ ሱቅ ሳይከፈት እንደሚሰለፉ፣ እሷ ግን ወረፋ እንደማትወድ አወራች። ሺንጎ የእንቁላልንም ዋጋ አነሳ። ናሆ እሷና ሺንጎ ከሚኖሩበት ከሳይታማ ይዛው የመጣችው ካኪ የሚባለው ብርቱካናማ ፍሬ ተልጦ መሀል ላይ ተቀምጧል፤ ማንም እጁን አልዘረጋበትም። ኢዋኦ ዓሣቸውን እሾሁን አንድ በአንድ እየለቀሙ በሉና «ጨው በዝቶበታል» አሉ። ሺንጎም ያኔ ጉሮሮውን ጠራርጎ «አባባ፣ ነገ ጠዋት ለደም ግፊቱ ሐኪም ቤት ብንሄድስ? እኔም ሥራ አልገባም» አለ። «ይሁን» አሉ አባቱ፣ ሾርባቸውን እያዩ። ቺዙሩም ሾርባዋን አየች።

ሺንጎ ክፉ ሰው ነው እንዳትሉብኝ። ባለፈው ወር አባቱ መኪናቸውን ሲያስገቡ የበሩን ምሰሶ ፍቀውታል። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑ ፍሬን ረገጥኩ ብሎ ነዳጁን የረገጠ ሽማግሌ ባሳየ ቁጥር ሺንጎ ምግቡ ከጉሮሮው አይወርድም። አባቱ ሰው ይገድላሉ ብሎ ይፈራል፣ እውነቱን ነው መፍራቱ። ግን ሰው የሚወደውን ሲፈራለት እንደ ሕፃን ይቆጥረዋል፤ እዚያ ላይ ነው የሳተው። ኢዋኦ አርባ ዓመት የቶኪዮ ታክሲ ነድተው ናካኖ ሰፈር ያለውን ያንን ቤት የገዙ፣ ሁለት ልጅ ያስተማሩ፣ ሚስታቸውን በክብር የቀበሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ያችን ትንሽ ነጭ መኪና በየጠዋቱ ያጥቧታል፣ የትም ባይሄዱ እንኳ። ያችን የመንጃ ፈቃድ ካርድ በማታለል ከኪሳቸው ቢያወጡባቸው ሰውየው ምን ይቀራቸዋል? ቺዙሩ ወደ ሥራ ስትሄድ ባቡር ውስጥ ቆማ ያሰበችው ይህንን ነው። ወንድሟን ዋሾ እንዳትለው፣ እሷ ራሷ ምን አለች? ዝም አለች። ዝም ያለም ተባባሪ ነው።

የእሷ ሥራ የቶኪዮው ሺቡያ ሰፈር ነው፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለች ጠባብ ጋራዥ። ከመሬት አንድ ክንድ እንኳ ከፍ የማይሉ ጎካርት የሚባሉ ባለ አንድ መቀመጫ ትንንሽ መኪኖች ለቱሪስት ይከራያሉ። እሷ ከፊት እየነዳች ትመራለች፣ ባልደረባዋ ሚናሚ ከኋላ ትዘጋለች፣ በመካከላቸው እንግዶቹ የድብና የእንቁራሪት ልብስ ለብሰው በእውነተኛው መንገድ ላይ፣ ከአውቶቡስና ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፉ ከተማውን ያያሉ። ሰፈሩ እነሱን የሚወድበት ምንም ምክንያት የለውም። ባለቤቱ ካዋሺማ ወቅት በተለወጠ ቁጥር ጣፋጭ በሳጥን ይገዛና በየደጁ እየዞረ ወገቡን አጥፎ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የልብስ ንጽሕና መስጫው ባለቤት ጣፋጩን ተቀብሎ ገና ሳያኝክ ስሞታውን ይጀምራል። ኢዋኦም በታክሲያቸው ዘመን እነዚህን ጎካርቶች ሲያዩ «የመንገድ ዝንቦች» ይሉ ነበር። ልጃቸው እዚያ ከተቀጠረች ወዲህ ግን አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩ፣ ደግም አልተናገሩ። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «መኪና ነክ ሥራ ነው» ብለው ወሬ ይቀይራሉ። ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር።

የዚያን ዕለት የመጨረሻው ጉዞ አመሻሽ ላይ ነበር። ከቺሊ የመጡ አራት ጓደኛሞች ልብስ እየመረጡ ይሳሳቃሉ፤ አንዱ ድብ፣ አንዱ እንቁራሪት፣ ሴቷ ሙዝ፣ ረጅሙ ላም ሆነ። አምስተኛው ጓደኛቸው የበላው ነገር ሆዱን ስላወከው አንዲት ጎካርት ትርፍ ቀርታለች። ቺዙሩ የራስ ቁሮቹን በጨርቅ እየወለወለች ሳለ በሩ ተገፋ። የገቡት አባቷ ናቸው። የድሮውን የታክሲ ድርጅት ጥቁር ሰማያዊ ኮት ለብሰዋል፣ ባርኔጣውን ደፍተዋል፣ ነጭ ጓንታቸውን እስከ አንጓቸው አጥልቀዋል። እሷን አላዩም፤ ማለቴ፣ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

«አንድ ሰው ነኝ» አሉ ለካዋሺማ፣ ሾርባ ቤት የገቡ ይመስል።

ግድግዳው ላይ የአንድ ሰዓቱ ዋጋ አሥራ አራት ሺህ የን ይላል። በቶፉ ላይ አሥር የን ለማትረፍ ሦስት ሱቅ የሚዞሩት ሰው ሳያቅማሙ ከፈሉ። መንጃ ፈቃዳቸውንም በሁለት እጃቸው አቀረቡ። ካዋሺማ አገላብጦ አየውና «እስከ ከርሞ ያገለግላል፤ መልካም ነው» አለ።

«ወረቀቱ እንደዚያ ይላል። የኔ ግን እስከ ነገ ነው።»

ካዋሺማ ቀልዱ ባይገባውም በትሕትና ሳቀ። ቺዙሩ ግን ገብቷታል፤ ጨርቁን የራስ ቁሩ ላይ ጣለችው። «አባቴ ናቸው» አለች በመጨረሻ። ባለቤቱ ከሽማግሌው ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ሽማግሌው አየና ክንዷን ይዞ ወደ ጎማዎቹ ክምር ፈቀቅ አደረጋት። ደግ ሰው ነው፣ መቼም ይቅርታ በመጠየቅ ነው የሚኖረው። «የዕድሜ ገደብ የለንም» አላት። «ግን መንገዱ ላይ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ። ከፈራሽ ገንዘባቸውን እመልስላቸዋለሁ። ጎካርቷ ተበላሽታለች እላቸዋለሁ፣ አይቀየሙሽም።»

ቺዙሩ ፈርታለች እንጂ! አንድ ነገር ቢሆኑ ሥራዋም ይሄዳል፣ ሺንጎም እስከ ዕለተ ሞቷ አይለቃትም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አባቷ ናቸው። ግን በአንድ ቀን ሁለት ውሸት? ጠዋት ወንድሟ፣ ማታ እሷ? ወደ አባቷ ሄደች።

«አባባ፣ እቺ መኪና ጣራ የላትም፣ በር የላትም። እኔ እፈራለሁ።»

«እኔም እፈራለሁ» አሉ።

«ታዲያ?»

«ከፊት የምትነጂው አንቺ አይደለሽ?»

ስለ ሥራዋ ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው። ቺዙሩ የራስ ቁሩን አንስታ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አውልቀው ኮታቸው ውስጥ ሸጎጡት። እንቁራሪቱ በእንግሊዝኛ ያ ልብስ ከየትኛው መደርደሪያ እንደተገኘ ጠየቀ፤ ከሁሉም አማረብዎ ብሎም ፎቶ አብሯቸው ተነሳ።

ከመነሳታቸው በፊት እንደ ወትሮዋ ሕጉን አስተማረች። ሁለት ጣት ሳነሳ ቀይ መብራት ላይ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ቁሙ። ለእግረኛ ቅድሚያ ስጡ። ግራ ቢገባችሁ ከፊታችሁ ያለው የሚያደርገውን አድርጉ፤ ሲሄድ ሂዱ፣ ሲቆም ቁሙ። አባቷን ከራሷ ቀጥሎ አደረገቻቸው፣ በስፖኪዮዋ እንድታያቸው። ያች የመጨረሻዋ ሕግ ምን እንደምታመጣ ብታውቅ ኖሮ ከሚናሚ ፊት ታደርጋቸው ነበር።

ወጡ። የኅዳር ፀሐይ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ገብታለች፤ የሱቁ መብራት ሁሉ በርቷል፣ ሰማዩ ግን ገና አልጨለመም። ቺዙሩ የመጀመሪያዎቹን መታጠፊያዎች ያየችው በስፖኪዮ ነው ማለት ይቻላል፤ ፊቷን ለመንገዱ ዓይኗን ለአባቷ ሰጥታ። ነጩ ጓንት መሪው ላይ ግራና ቀኝ ተቀምጦ ንቅንቅ አይልም። መስመር በቀየሩ ቁጥር ፍሬቻ ያሳያሉ፣ ዞር ብለው ያያሉ፣ ደግመው ያያሉ። ድቡ ከኋላቸው እየጮኸ ይዘፍናል፤ እሳቸው ጥርሳቸውን ነክሰው የሚነዱ መስሏት ነበር፣ አንድ መብራት ላይ ቀረብ ብላ ስታይ ግን ቅንድባቸው ተፈትቷል። ሐራጁኩ የሚባለውን ሰፈር ዞረው ግራና ቀኝ ዛፍ የቆመበትን ጎዳና ይዘው ወረዱ። ነፋሱ የወደቀውን ቅጠል እያነሳ ጭናቸው ላይ ያስቀምጠዋል። የሺቡያው ትልቅ መስቀለኛ መንገድ ላይ መብራቱ ያዛቸው፤ ከአራቱም በኩል ሰው እንደ ጎርፍ ፈሰሰ፣ ሁሉም ስልኩን ወደ እነሱ አዞረ። ቺዙሩ ያንን ሕዝብ በየቀኑ ስለምታየው ሰልችቷታል። ያን ዕለት ግን አባቷ አጠገቧ ቆመው «ከዚህ ዝቅታ ሲታይ ሰው ሁሉ ረጅም ነው» አሉ፣ ሳቋ አመለጣት። የጠዋቱ ነገር ለጊዜው ከደረቷ ላይ ወረደላት። እንዲህ ደስ ብሏት ከነዳች ቆይታለች።

ወደ ጋራዡ የሚመልሰው አቀበት ላይ ነው ነገሩ የሆነው። አንድ ኬክ ቤት ደጅ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴትዮ ሁለት የዕቃ ቦርሳ አንጠልጥለው ቆመዋል። ጎካርቶቹ ሲደርሱ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ቺዙሩ አልፋ ሄደች፤ እጅ የሚያነሳ ሰው ሞልቷል፣ ሁሉም ሰላም ባይ ነው። ትንሽ ሄዳ ስፖኪዮዋን ስታይ ግን ከኋላዋ ማንም የለም። ዳር ይዛ አቆመችና ዘልላ ወርዳ ወደ ኋላ ሮጠች።

አባቷ ፍሬቻ አሳይተው፣ እዚያ በግራ ስለሚነዳ ወደ ግራ አውጥተው፣ ከእግረኛው መንገድ ጥግ ጋር እኩል አስጠግተው ቆመዋል። አቋማቸው ልክ ነው፤ ታክሲ ቢሆን ኖሮ ሴትዮዋ የቆሙት ከኋላ በሩ ፊት ለፊት ነበር። ከእሳቸው ኋላ ድቡ፣ ከድቡ ኋላ እንቁራሪቱ፣ ሙዟ፣ ላሙ፣ ሁሉም እንደተማሩት ፊታቸው ያለው ስለቆመ ቆመዋል፣ መጨረሻ ላይ ሚናሚ አንገቷን አስግጋ ምን ሆኑ ትላለች። ኢዋኦ በቀኝ እጃቸው ከመቀመጫው ሥር የሆነ ነገር ይፈልጋሉ። እዚያ አገር የታክሲን በር ተሳፋሪ አይነካውም፤ ሹፌሩ ነው ከመቀመጫው ሥር ባለች ማንሻ የሚከፍተው። አርባ ዓመት ያችን ማንሻ የሳበ እጅ አሁን ቀዝቃዛ የብረት ቱቦ እየዳሰሰ ነው።

«ወዴት ላድርስዎ?» አሉ ሴትዮዋን።

ሴትዮዋ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ቺሊዎቹ የጉዞው አካል መስሏቸው አጨበጨቡ። ቺዙሩ ብቻ አልሳቀችም። አባቷ አጠገብ ቆማ «አባባ» አለች።

«በሩ አይከፈትም» አሉ፣ እጃቸውን እያዩ።

አእምሮአቸውን ሳቱ ብላ ደነገጠች። ከዚያ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየች። አለቀሱ ብላ ጎንበስ ስትል እየሳቁ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያልሰማችው ሳቅ ነበር፣ አፍንጫ አፍንጫውን የሚወጣ ሳቅ። ሴትዮዋም «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ከኋላችሁ የሚመጣውን ታክሲ ነበር የጠራሁት» አሉ። ኢዋኦ መሪው እስከፈቀደላቸው ድረስ አጎነበሱ። «ይቅርታውስ ከእኔ ነው፤ ቦታ የለኝም» አሉ። ሴትዮዋም ከነቦርሳቸው እጅ ነሱ። ቺዙሩ ለሁሉም በየተራ ይቅርታ እየጠየቀች ሰልፉን አስነሳች፤ ካዋሺማ አስለምዷታል።

ቀጣዩ መብራት ቀይ ነበር። ሁለት ጣቷን አነሳች፣ እሳቸውም እንደ ደንቡ መጥተው አጠገቧ ቆሙ። መብራቱን እያዩ ነው የተናገሩት።

«እጅ ሲነሳ እግሬ እኔን አይጠይቀኝም፣ ቺዙሩ። ሲቆም ነው ያወቅሁት።»

እሷ ወደ እግራቸው አየች።

«ዛሬ የረገጠው ፍሬኑን ነው፣ ደግ አደረገ። ነገ ሳይጠይቀኝ ሌላውን ቢረግጥስ? ሺንጎ እውነት አለው። አነጋገሩን አልወደድኩለትም እንጂ እውነት አለው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከፊት ሆና ነዳች።

ጋራዡ ሲደርሱ እንግዶቹ ልብሳቸውን እያወለቁ ሄዱ፤ ሚናሚ ላሙን ለማጠቢያ ጠቀለለችው። ኢዋኦ ጓንታቸውን ጣት በጣት አውልቀው አንዱን ባንዱ ላይ አድርገው አጠፉት። ቺዙሩ አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ጠዋት ሰምቼ ነበር» አለች። «ሰምቼ ዝም አልኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አይቼሻለሁ። ካልሲሽን ልታጠልቂ ሄድሽ።»

ቺዙሩ ጎንበስ ብላ ካልሲዋን ወደ ላይ ሳበች።

«ካርዱን የመመለሱ ነገር አያናድደኝም» አሉ። «ራሴ አውጥቼ ልስጥ ነው የምለው። አርባ ዓመት የያዝኩትን ሰው ኪሴ ገብቶ አይውሰድብኝ።»

ቺዙሩ እዚያው ተቀምጣ ለወንድሟ ደወለች፣ አባቷ እየሰሙ። ነገ ፖሊስ ጣቢያ እንደሚሄዱ፣ ሐኪም ቤት እንዳልሆነም አባባ እንደሚያውቁ፣ እሷም አብራቸው በአውቶቡስ እንደምትሄድ ነገረችው።

«ማን ነገራቸው?» አለ ሺንጎ።

«አንተ። በሩ እኮ ወረቀት ነው።»

በስልኩ ውስጥ የናሆ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ይሰማል። «ጠዋት… ቁርስ ላይ ያውቁ ነበር ማለት ነው?» አለ ድምፁ አንሶ። «ምንም አላሉም እኮ።»

«ዓሣው ጨው በዝቶበታል ብለዋል።»

ሺንጎ ተነፈሰ። «ይቅር ይበሉኝ ልበላቸው እንዴ?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ማታ ስንመጣ በላቸው። ነገም ከፈለግህ አብረኸን ና። ሥራ አልገባም ብለህ የለ።» ስልኩን ስትዘጋ አባቷ ባርኔጣቸውን ደፍተው ተነስተው ነበር።

ደጅ ወጡ። ቺዙሩ ወደ ባቡር ጣቢያው ልትታጠፍ ስትል አባቷ መንገዱ ዳር ቆሙ። «ካርዱን ስመልስ ሌላ ካርድ ይሰጡኛል አሉ» አሏት። «እሱን ያሳየ ሰው ታክሲ ላይ አሥር በመቶ ይቀነስለታል። ዛሬ ግን ሙሉ ዋጋ ነው።» አሉና ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ከፍ አላደረጉትም፤ እንደሚያፍር ተማሪ እስከ ትከሻቸው ብቻ። ያንን ሁሉ ዘመን ሲነሳላቸው እንጂ ሲያነሱ ቺዙሩ አይታ አታውቅም።

ታክሲው ቆመ። የኋላ በሩ በራሱ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ኢዋኦ ለተከፈተው በር እንደ ሰው እጅ ነሱና ገቡ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ ብለው ለልጃቸው ቦታ ለቀቁ፣ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ሹፌሯ ጠና ያለች ሴት ናት፤ በመስታወቱ አየቻቸው።

«ወዴት ላድርስዎ?»

ያንን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ጠይቀውታል፤ ተጠይቀውት ግን አያውቁም። በጣም ስለቆዩ ቺዙሩ ልትመልስላቸው አፏን ከፈተች፣ እሳቸው ጉልበቷን መታ አደረጓት።

«ናካኖ» አሉ። «ግን በረጅሙ መንገድ ይሁንልኝ። ሒሳቡን የምትከፍለው ልጄ ናት።»